የውሰት አድራሻ

‹‹አድራሻ›› የሚለው ቃላችን ‹‹አደረሰ›› ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የተላከው ነገር የሚደርስበት ቦታ ማለት ነው እንጂ፣ እዚያ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ኢንተርኔት ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ መልሴ ይኸው ቃል ነው።

ኮምፒውተር መልእክት እንዲደርሰው ቁጥር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ደንብ ለዓለም ያዘጋጀው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ያኔ ያልቃል ብሎ ማን አስቦ! ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ ይዞ ኖረ፤ ከፊሉን የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በስልክ ደውሎ የሚገባው ተራ ሰው ግን የራሱ ቁጥር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ የሰፈረው ‹‹ስሊፕ›› የተባለው ስልት አድራሻ መስጠት አይችልም ነበር፤ ደዋዩ በሌላ መንገድ አግኝቶ ማስገባት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1992 ለ‹‹ፒ.ፒ.ፒ.›› የወጣው ደንብ ይህን ቀየረ።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ሞደም ሲጮህ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ከጩኸቱ በኋላ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ቀጥሎ የደዋዩ ኮምፒውተር ‹‹አድራሻዬ አራት ዜሮ ነው›› ይላል፤ የለኝም ማለቱ ነው። ከወዲያ ያለው ‹‹አይደለም፣ ያንተ ይህ ነው›› ብሎ አንድ ቁጥር ያውሰዋል። ስልኩ ሲዘጋ ቁጥሩ ይመለሳል፤ ለሌላ ደዋይ ይሰጣል።

ምክንያቱ ቁጠባ ነው። አንድ አገልግሎት ሰጪ 1,000 ደንበኞችና 100 የመደወያ መስመሮች ቢኖሩት፣ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መግባት ስለማይቻል 100 አድራሻ ይበቃዋል። ልክ እንደ ታክሲ ወንበር፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀመጣል።

እንግዲህ ወንበሩ ሥር የተሰረቀ ዕቃ ቢገኝስ? ወንበሩን ማወቅ አይበቃም፤ በዚያ ሰዓት ማን ተቀምጦበት ነበር መባል አለበት። አገልግሎት ሰጪው ማን፣ በየትኛው ቁጥር፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደገባ የሚመዘግብበት ሰነድ ነበረው። ሰዓቱ በጥቂት ደቂቃ ከተዛባ ግን መዝገቡ የሚጠቁመው ሌላውን ተሳፋሪ ነው። ባይዛባም የሚገኘው ሒሳብ የሚከፍለው ደንበኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጁ ይሁን እንግዳው አይታወቅም።

ይህ ሥጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር በአንድ ጊዜ 261 ሰዎችን ከሰሰ። ማንነታቸው የተፈለገው ከኢንተርኔት አድራሻ ተነሥቶ ነው። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴትም ተከሰሱ፤ ዘፈን ተለዋወጡበት የተባለው ፕሮግራም ግን በእርሳቸው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ክሱ ተነሣ። የደነገጡት ድንጋጤ ግን በማን ይካስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ ማከማቻ የመጨረሻዎቹን የአድራሻ ጥቅሎች አደለ። የመደወያው ዘመን አለፈ፤ ውሰቱ ግን ባሰ እንጂ አልቀረም። ዛሬ ብዙ የሞባይል ተጠቃሚዎች በአንድ ሰዓት በአንድ አድራሻ ይወጣሉ፤ ታክሲው በአንድ ወንበር ላይ ሰው ደራርቧል ማለት ነው። ስለዚህ መርማሪ ‹‹አድራሻው ተገኝቷል›› ሲል፣ ዳኛው ‹‹በስንት ሰዓት? በማን እጅ?›› ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። አድራሻ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማስረዳት የከሳሹ ድርሻ ነው።