ከአል-ኪንዲ ብዕር እስከ ኪሳችን ፍላሽ

ኪሳችን ውስጥ ያለችው ፍላሽ ምን ምን ይዛለች? የመታወቂያ ኮፒ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የኒካሕ ሰነድ፣ የእናትና የእህቶቻችን ፎቶ። ታክሲ ውስጥ ወድቃ ብትቀር ያገኛት ሰው ሁሉንም አንድ በአንድ ከፍቶ ያያል። ይህን በር የሚዘጋው ምስጠራ ወይም ኢንክሪፕሽን የሚባለው ጥበብ ነው። ታሪኩን ስናነሳ ደግሞ ባግዳድን ሳንረግጥ ማለፍ አንችልም።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የዐረብኛ ቋንቋ ሊቅ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ ስለ ምስጢር ጽሑፎች መጽሐፍ ጽፈው ነበር፤ መጽሐፉ ግን ጠፍቷል። ስለ እርሳቸው እንዲህ ተብሎ ይተረካል። በግሪክኛ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤ ቀረበላቸው። ደብዳቤው በአምላክ ስም ሳይጀምር አይቀርም ብለው ገመቱ፤ ከዚያች ግምት ተነሥተው የቀሩትን ፊደላት ፈቱ።

ይህን ግምት ወደ ሒሳብ የቀየሩት በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠሩት አቡ ዩሱፍ የዕቁብ ኢብኑ ኢስሓቅ አል-ኪንዲ ናቸው። በዘመኑ ምስጢር ከሚደበቅባቸው መንገዶች ዋነኛው አንዱን ፊደል በሌላ መተካት ነበር። ፊደሉ ግን ልብሱን ቢቀይርም የሚደጋገምበት መጠን አይቀየርም። አል-ኪንዲ 3,667 ፊደላት ያሉት ጽሑፍ ወስደው ቆጠሩ፤ አሊፍ 600 ጊዜ፣ ላም 437 ጊዜ መጣ። እንግዲህ በምስጢሩ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ምልክት አሊፍ፣ ተከታዩ ላም ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። በአማርኛም ብትሞክሩት "ን" ከ"ጰ" ጋር አይወዳደርም። ሊቁ ይህን የጻፉበት መጽሐፍ ቅጂው ኢስታንቡል ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ፊደል በመቁጠር ምስጢር የሚፈታበትን መንገድ በማብራራት እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለምስጢር ጽሑፍ የሚያገለግለው ቃል ራሱ "ሲፍር" ከሚለው ዐረብኛ መምጣቱ አይደንቅም።

ከዚያ በኋላ የመጡት የምስጠራ ባለሙያዎች ትልቁ ሥራ ይህን ድግግሞሽ ማጥፋት ነበር። ዛሬ ፍላሽ የሚቆለፍበት ኤ.ኢ.ኤስ. የሚባለው ስልት የሁለት ቤልጂየማውያን፣ የዮአን ዳመንና የቪንሰንት ራይመን ሥራ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 መስፈርት አድርጎ አጽድቆታል። በትክክል ሲሠራበት አንድ ቃል ሺህ ጊዜ ቢደጋገም በየቦታው ሌላ መልክ ይይዛል። አል-ኪንዲ ቢቆጥሩትም የሚይዙት ነገር አያገኙም።

ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ሩቅ አይደለም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ቢትሎከር ፍላሽም ይቆልፋል፤ በሆም ዕትም ግን የተቆለፈውን መክፈት እንጂ አዲስ መቆለፍ አይቻልም። ያ ለገጠመው ቬራክሪፕት በነፃ አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ፍላሿ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ አንዳንዱ አሠራር ሁሉንም ያጠፋል።

ታዲያ ሌባው ምን ይቀረዋል? አል-ኸሊል ያደረጉትን ያደርጋል፤ መጀመሪያውን ይገምታል። ስልቱን መስበር ሲያቅተው የይለፍ ቃላችንን ይሞክራል። የልጅ ስምና የትውልድ ዓመት፣ ስልክ ቁጥር፣ "ቢስሚላህ123"። እነዚህን የሚሞክር ፕሮግራም አይደክመውም። የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት በዘፈቀደ መርጦ መደርደር ለእኛ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለእርሱ ግን ይከብዳል።

ቃሉን ከረሳነው ግን የሚከፍትልን ጥገና ቤት የለም። ቢትሎከር ለዚህ 48 አኃዝ ያለው መመለሻ ቁልፍ ይሰጣል፤ እርሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ነው እንጂ እዚያው ፍላሽ ላይ ማኖር በር ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደመተው ነው። ደግሞም የተቆለፈች ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተች ለዚያ ኮምፒውተር ክፍት ናት። ስለዚህ ለማሳተም ስንሄድ የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ የያዘች ሌላ ርካሽ ፍላሽ ይዘን እንሂድ፤ ዋናዋ ቤት ትቅር።