ሙቀቱ ተለክቶ ነበር፤ ሙታኑ ግን አልተቆጠሩም

ኦገስት 2003 ፓሪስ ውስጥ ሞቱን ቀድሞ ያየው የጤና ሚኒስቴር አልነበረም። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ቀብር አስፈጻሚዎች ቀደሙት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙቀቱ ድብቅ አልነበረም። ፈረንሳይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሙቀት ስትመዘግብ የኖረች አገር ናት። ከኦገስት 4 እስከ 12 ፓሪስ ላይ ሙቀቱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ሆነ። የባሰው ግን ሌሊቱ ነው። ለ12 አጥቢያ ላይ የከተማዋ ዝቅተኛ ሙቀት 25.5 ዲግሪ ነበር። ቀን የጋለ ሰውነት ሌሊት ካልቀዘቀዘ ልብ እረፍት አያገኝም፤ በተለይ የአዛውንት ልብ። ብዙዎቹ ሟቾች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ፀሐይ በሚያግለው የብረት ጣሪያ ሥር ባሉ ጠባብ ክፍሎች ይኖሩ ነበር። ወሩ ደግሞ ፓሪስ ጓዟን ጠቅልላ ለእረፍት የምትወጣበት ነው። በር የሚያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም።

ኦገስት 10 የድንገተኛ ሐኪሞች ማኅበር መሪ ፓትሪክ ፔሉ በአራት ቀን ውስጥ በፓሪስና አካባቢዋ ወደ 50 ሰዎች እንደሞቱ ተናገሩ። በማግስቱ የጤና ሚኒስትሩ ዣን ፍራንሷ ማቴይ ከእረፍት ቤታቸው፣ ፖሎ ሸሚዝ እንደለበሱ፣ በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን ሊያረጋጉ ሞከሩ። ያቺ ሸሚዝ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች። ሚኒስትሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይገባቸዋልም። ዋናው ችግር ግን ጠረጴዛቸው ላይ ቁጥር አለመኖሩ ነበር። የሞት ማስረጃ በወረቀት ተጽፎ፣ ከየማዘጋጃ ቤቱ ተሰብስቦ፣ አገራዊ አኃዝ እስኪሆን ወራት ይፈጅ ነበር። በዚያው ሳምንት ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለው የሩንዢስ የምግብ ጅምላ ገበያ ማቀዝቀዣ መጋዘን አስከሬን ይቀመጥበት ነበር።

ኦገስት 18 የጤና ዋና ዳይሬክተሩ ሉሲየን አበናይም ሥራቸውን ለቀቁ። ሴፕቴምበር 3 ቀን ወገን ያልጠየቃቸው 57 አስከሬኖች በቲዬ መካነ መቃብር ሲቀበሩ ፕሬዝዳንት ዣክ ሺራክ ተገኝተዋል። ብሔራዊው የሕክምና ምርምር ተቋም ቆጠራውን ሲጨርስ አኃዙ 14,802 ሆነ። ይህ ቁጥር በዶክተር ወረቀት ላይ «በሙቀት ሞተ» ተብሎ የተጻፈላቸውን ብቻ የሚቆጥር አይደለም። ከኦገስት 1 እስከ 20 ድረስ በሌሎቹ ዓመታት ይሞቱ ከነበሩት ሰዎች በላይ ስንት ሞቱ ተብሎ የተሰላ ነው። ሙቀት ፊርማውን ትቶ አይሄድም፤ ልብ ድካም፣ ኩላሊት፣ እርጅና ተብሎ ይመዘገባል።

ከ2004 ጀምሮ አገሪቱ የሙቀት ዕቅድ አወጣች። የየአካባቢው የማስጠንቀቂያ ወሰን የቀኑንም የሌሊቱንም ሙቀት የሦስት ቀን አማካይ ያያል፤ ለፓሪስ ቀን 31 ሌሊት 21፣ ለቱሉዝ ቀን 36 ሌሊት 21። ሰው የለመደው ሙቀት ስለሚለያይ አንድ ቁጥር ለሁሉም አልተሰጠም። ማዘጋጃ ቤቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ስም መመዝገብ ጀመሩ፤ የድንገተኛ ክፍሎች መረጃም በየዕለቱ መሰብሰብ ጀመረ። በጁላይ 2006 ሌላ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ በድሮው ስሌት ከ6 ሺህ በላይ ሰው ይሞታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የሞተው ወደ 2 ሺህ ነው። ልዩነቱን ሁሉ ለዕቅዱ መስጠት አይቻልም፤ ሕዝቡም ከ2003 በኋላ ሙቀትን መፍራት ተምሯል።

የፈረንሳይ ሜትዎሮሎጂ የሙቀት ማዕበልን የሚለየው የ30 ጣቢያዎችን የቀንና የሌሊት አማካይ ወስዶ ነው። አማካዩ አንድ ቀን 25.3 ከደረሰና ቢያንስ ለሦስት ቀን ከ23.4 ካልወረደ ማዕበል ይባላል። አዋሽ ወይም ጋምቤላ ያደገ ሰው በ25.3 ይስቅ ይሆናል። ግን ቁጥሩ ሌሊቱንም፣ ሰሜኑንም ደቡቡንም ያጠቃለለ ነው። በዚህ መስፈሪያ ከ1947 ወዲህ ከተመዘገቡት ማዕበሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ2000 በኋላ የመጡ ናቸው። ጁን 28 ቀን 2019 ቬራርግ የተባለች የደቡብ መንደር 46 ዲግሪ ደርሳለች።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ዓለም አቀፉ የአደጋዎች መረጃ ቋት ቤልጂየም ውስጥ ነው ያለው። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1900 ጀምሮ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ በሙሉ የተመዘገቡት የሙቀት ማዕበሎች ሁለት ናቸው፤ ሟቾቹም 71። ከመቶ ዓመት በላይ፣ በአንድ ግዙፍ አህጉር፣ ሰባ አንድ ሰው! ይህን ማን ያምናል?

ዳሎል በ1960ዎቹ በተመዘገበው 34.6 ዲግሪ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ዓለም ያውቃታል። መለኪያውን ያመጣው ግን ፖታሽ ፍለጋ የመጣ ኩባንያ ነበር። ስለ ቦታው ሙቀት ቁጥር አለን፤ ጨው ሲቆርጡ ሙቀቱ ስለጣላቸው ሰዎች ግን የለንም። አገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በሥርዓት የጀመረችው በኦገስት 2016 ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ሳይመዘገብ ይቀበራል። ደቡብ ሱዳን በማርች 2024 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ደገመችው። ጋምቤላ ያለችው ከዚያው ድንበር ወዲህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጋምቤላ ውስጥ ከሌላው ጊዜ በላይ ስንት ሰው ሞተ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልስ የሚሰጥ መዝገብ የትኛው መሥሪያ ቤት ዘንድ አለ?