መቅደላ የደረሰው አሮጌ ጠመንጃ

ከወረታ ተነሥታችሁ በደብረ ታቦር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዛችሁ ጋፋት ቅርብ ናት። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ይዘው ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መቅደላ ገባ።

ይህን ሁላችንም ሰምተናል። የእንግሊዞቹ ጠመንጃስ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ 700 ገደማ የቴዎድሮስ ወታደሮች የወደቁበት ውጊያ ዋና መሣሪያ ስናይደር ነበር። የሚገርመው፣ ጠመንጃው ግማሽ በግማሽ አሮጌ ነው!

እንዴት መሰላችሁ? የእንግሊዝ ጦር በአፈሙዙ የሚጎረስ፣ ኤንፊልድ የሚባል ጠመንጃ በብዛት ነበረው። ቀርፋፋ ነው፤ በደቂቃ ሦስት ጥይት ቢተኩስ ነው። እንጣለው አላሉም። የቱቦውን የኋላ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆረጡና ከኋላ የሚጎረስ አዲስ ክፍል እንደ ቡሎን በጥርስ አሰሩበት። እንጨቱ፣ መምቻውና ማነጣጠሪያው የድሮው ነው። አሁን በደቂቃ 10 ጊዜ ገደማ ይተኩሳል።

ይህ የተቻለው ኤንፊልዶቹ በማሽን፣ በአንድ ልክ ስለተሠሩ ነው። የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። ጋፋት ላይ ግን መድፍ ወጥ ሆኖ ነው የሚቀለጠው፤ ከፈነዳ መለዋወጫ የለውም። እሮጌ ላይ ከቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈንድቷል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጋፋት የጎደላት ብልሃት ሳይሆን የጋራ ልክ ነው።

በኋላ ጠመንጃ ላይ መነጽር መታሰር ሲጀምር ያው ጥያቄ ተመለሰ። መነጽሩን የያዙት ጥቂት ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው፤ ተኩሱ በረገጠ ቁጥር ይላላሉ። መልሶ ለመጠቀም ዘይቱን መጥረግ፣ ጥርሱን ማየት፣ የተበላውን መጣልና ልክን አለመቀላቀል ያስፈልጋል።

ፎገራ ላይ ከርብ ወንዝ ውሃ የሚስብ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ንዝረቱ ቡሎኑን ያላላል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው ባለ 3/8 ኢንች ደግሞ 1.59። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። በግድ ካጠበቃችሁት ግን ጥርሱ ይበላል፣ ሽንኩርቱም ውሃ ያጣል።

አሮጌ ዳዶ አትጣሉ። መጀመሪያ ግን ለኩት።