ሜዳሊያውና መለኪያው

በአገራችን በአዊ የፈረስ ግልቢያ አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ኋላ ይቀራል። አይጄም በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ውድድር ግን የሜዳሊያው ሕግ ሌላ ነው፤ መለኪያውን ያሟላ ቡድን ሁሉ ይሸለማል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአንድ ወር ትምህርት ሆኖ ተጀመረ፤ በ2004 አምስት ቡድኖች ተወዳደሩ፤ በ2011 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ክፍል ተከፈተ። ሥራው ዘረ መልን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ለሕያዋን አዲስ ተግባር መስጠት ነው። በ2006 የኤዲንብራ ተማሪዎች በውኃ ውስጥ ያለውን የአርሰኒክ መርዝ የሚያመለክት ባክቴሪያ ነድፈው አቀረቡ።

በቅርብ ዓመታት ደንብ፣ ለነሐስ ሜዳሊያ ሥራን በጽሑፍና በቃል ማቅረብ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደ ሠራም በግልጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ለብር ነድፎ፣ ሠርቶ፣ ፈትኖና ከውጤቱ ተምሮ ማሳየት፤ ሥራው ለሕዝብ የሚበጅ መሆኑንም ሰዎችን ጠይቆ ማስረዳት ይገባል። ለወርቅ ከዚህ በላይ በተመረጡ ክፍሎች ብልጫ ይጠየቃል።

የመመዝገቢያው ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር፣ ቤተ ሙከራውም ውድ ስለ ሆነ እንደ ጥሊሊ ላለ ከተማ ተማሪ በሩ ጠባብ ነው። ሆኖም ድርሻን ከረዳት ድርሻ ለይቶ መጻፍ፣ ገበሬውን ስለ ችግሩ መጠየቅ፣ ያልተሳካውንም ሙከራ መመዝገብ ዶላር አይጠይቅም። እኛ ተማሪዎች ቢያንስ ይህን መለኪያ ዛሬውኑ በክፍላችን ልንጀምረው እንችላለን።