ድንችና የድኻ ገበሬ ኑሮ

ገበሬ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ የሚፈራው ሐምሌንና ነሐሴን ነው፤ የአምናው እህል ከጎተራው አልቆ የዘንድሮው ገና በማሳው ለምለም ነውና። የድንችን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ ከዚህ ጭንቅ ጊዜ መነሣት ይገባዋል።

የድንች ጥንተ ሀገሩ በደቡብ አሜሪካ ያሉት የአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ እስፓኛውያንም በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ አሻገሩት። ወደ ኢትዮጵያ ያገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1858 ነው። ይህ ሰው በትግራይ ብዙ ዘመን ኖሮ በ1878 በዓድዋ ሞተ። ዳሩ ግን ገበሬው በጤፉና በገብሱ ታምኖ ለእንግዳው ተክል ልቡን ፈጥኖ አልሰጠም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በሆነ ጊዜ ግን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት፤ ገበሬውም ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክም በእጃቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ድንች በዶማ በተቆፈረች ጥቂት መሬት ይበቅላል፤ በሦስትና በአራት ወርም ለምግብ ይደርሳል። ስለዚህ ከዚያ ራብ በኋላ በደጋው ሀገር እየሰፋ ሄደ።

ዛሬም በጎጃም ደጋ በየካቲትና በመጋቢት የተተከለው ድንች በሰኔና በሐምሌ ይቆፈራል። በዚህም ድኻው እህል በውድ ዋጋ ከመግዛት፥ በአራጣ አበዳሪም ደጅ ከመጥናት ይድናል፤ ከቤቱ የተረፈውንም ሸጦ ጨውና ልብስ ይገዛል።

ነገር ግን ድንች እንደ እህል በጎተራ ዓመት አይከርምም፤ ሁሉም ባንድ ቀን ለገበያ ሲያወጣውም ዋጋው ይወድቃል። ከዚህ የሚከፋም አለ። የአይርላንድ ድኾች ከድንች በቀር ሌላ ሲሳይ አልነበራቸውም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ቅጠሉን የሚያጠቁር፥ ፍሬውንም ከአፈር በታች የሚያበሰብስ በሽታ በገባ ጊዜ፥ እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላም አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ይኸው በሽታ በእኛም ደጋ በክረምት ይነሣል። የሆለታ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በ2002 ጃለኔን፥ በ2009 በለጠን ለገበሬው ያወጣው በሽታውን እንዲቋቋሙ ጭምር ነው።

እንግዲህ ድንች የድኻ ወዳጅ ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ወዳጅ ብቻውን ቤት አያቆምም። ገበሬው ንጹሕ ዘር መርጦ፥ ድንቹን ከገብሱና ከባቄላው ጎን ቢያኖረው፥ ሐምሌ ለልጆቹ የጭንቅ ወር መሆኑ ይቀራል።