በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ስለሚደረግ ጨዋታ አጀማመር

አንድ ሥራ በሕዝብ ዘንድ በታወቀ ጊዜ ያስታወቀው ሰው እንደ ጀማሪ ይቈጠራል፤ የጀመረው ግን ይረሳል። ይህም በታላላቁ ጥበብ ብቻ ሳይሆን በቤት መጫወቻም ላይ ደርሷል። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ራልፍ ቤር በ1922 በጀርመን አገር ተወለደ፤ አይሁዳዊ ስለ ሆነ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ በ1938ም ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በኋላ በኒው ሃምፕሺር ግዛት በሳንደርስ አሶሺየትስ ኩባንያ መሐንዲስ ሆነ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ ሳለ፥ ባለቤቱ የተላከለትን ከማየት በቀር በመስኮቱ ላይ የሚያዝበት ነገር አልነበረም። ቤር ግን ቴሌቪዥን መጫወቻ የሚሆንበትን ብልሃት አስቦ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1966 በ4 ገጽ ጻፈው። ከዚያም ከሁለት ረዳቶች ጋራ ሆኖ መሣሪያውን ሠራ።

ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ ፈቃዱን ተቀብሎ በ1972 ኦዲሲ በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ኦዲሲ ድምፅም ቀለምም አልነበረውም፤ በጥቍሩ መስኮት ላይ ጥቂት ነጫጭ ነጥቦችን ብቻ ያሳያል። ሜዳው እንዲታይ ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ በመስተዋቱ ላይ ይለጠፋል፤ ውጤቱንም የሚቈጥሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ጨዋታ ለመለወጥ የሚገባው ካርድም ሽቦን ከሽቦ ከማገናኘት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

በሜይ 24 ቀን 1972 መሣሪያው በካሊፎርኒያ በበርሊንጌም ከተማ ሲታይ ኖላን ቡሽኔል መጥቶ ተመለከተ፤ በእንግዶች መዝገብም ፈረመ። በዚያው ዓመት ኩባንያው አታሪ በሳንቲም የሚሠራውን ፖንግን አወጣ። ፖንግ ድምፅ ነበረው፤ ውጤትም ይቈጥራል፤ ኳሱም እንደ ተመታበት ስፍራ አቅጣጫውን ይለውጣል። በ1975 የቤቱ ፖንግ በሲርስ መደብሮች ተሸጠ። በ1976 ጄኔራል ኢንስትሩመንት ብዙ ጨዋታ በአንድ ቺፕ ሰብስቦ ለማንም ሠሪ ስለ ሸጠ፥ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ገበያውን ሞሉት።

ማግናቮክስ በ1974 ክስ መሥርቶ ነበር። አታሪ በ1976 ታርቆ የፈቃድ ዋጋ ከፈለ። በ1977 የሺካጎው ዳኛ ጆን ግሬዲ በቀሩት ተከሳሾች ላይ ሲፈርድ፥ የሳንደርስ የፈጠራ መብት የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጅ መሆኑን መሰከረ። የቤር ወረቀትና የእንግዶቹ መዝገብ ባይኖሩ ኖሮ ነገሩ የአፍ ክርክር ሆኖ በቀረ ነበር።

ጨዋታው በተለየ ካርትሪጅ የሚገባባቸው መሣሪያዎች ከ1976 ጀምሮ ስለ መጡ፥ የፊተኞቹ ዘመን ቶሎ አለፈ። ቤር ግን በ2006 የአሜሪካን የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተቀበለ፤ ጽሑፎቹም በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ገቡ፤ በ2014 ዐረፈ። ቡሽኔል ጨዋታውን ለሕዝብ ያደረሰ ስለ ሆነ ክብሩ አይነፈገውም፤ ነገር ግን የአስፋፊ ክብር ለአስፋፊ፥ የጀማሪም ለጀማሪ ይሁን። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት በዚህ ተፈጸመ።