ሺዕራ ምን ያህል ይርቃል?

  

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ፎቶ ኮፒ የሆነ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በሱረቱ ነጅም ስለ ሺዕራ ኮከብ የሚያወሳው አያ 49ኛው ነው፤ በዚያው ሱራ ስለ ሁለት ደጋኖች የሚያወሳው ደግሞ 9ኛው ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ 49.9 ይሆናል፤ ሺዕራና አብራት ያለችው ኮከብ አንዷ በሌላዋ ዙሪያ የሚዞሩትም በ49.9 ዓመት ነው። «ኡስታዝ፣ ይሄ ሙዕጂዛ አይደለም ወይ?» አለኝ። የመለስኩለትን ከመናገሬ በፊት ታሪኩን ላስቀድም።

ሺዕራ ፈረንጆች ሲሪየስ የሚሏት፣ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመላካቸው በፊት ከዐረቦች የሚያመልኳት ነበሩ። ሙፈሲሮች የኹዛዓን ጎሳ ያነሳሉ፤ አምልኮዋን የጀመረው አቡ ከብሻ የሚባል ሰው ነው የሚሉም አሉ። ቁረይሾች ነብዩን «የአቡ ከብሻ ልጅ» እያሉ ይጠሯቸው የነበረው፣ እንደዚያ ሰው ከአባቶቹ እምነት የወጣ ነው ለማለት እንደሆነ ይነገራል። ቁርአን የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ የሺዕራም ጌታ አላህ መሆኑን ነገራቸው። ስለ ርቀቷም ሆነ ስለ ዙረቷ ቁጥር አልሰጠም።

ርቀቱን የጠየቁ ሊቃውንት ግን ነበሩን። በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ ከሠሩት አንዱ አሕመድ አል-ፈርጋኒ ናቸው። ግሪኮች እንዳስተማሩት፣ ሰማያት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ አንዳች ክፍተት ተደራርበዋል ከሚል ተነሱ። እንደዚያ ከሆነ የዙሐል (የሳተርን) ሰማይ ያለቀበት ቦታ የከዋክብቱ ሰማይ ይጀምራል። ሲያሰሉት ከመሬት መሐል እስከ ገጽዋ ያለውን ርቀት 20,110 ጊዜ የሚያህል ሆነላቸው። ዛሬ በምናውቀው የመሬት ልክ 128 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ራሷ ግን ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች! ከዋክብቱ በሙሉ ከእውነተኛዋ ፀሐይ ወዲህ ቀሩ ማለት ነው። መጽሐፋቸው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓም በዚሁ ስሌት ብዙ ዘመን ኖራለች። ሒሳቡ አልነበረም የሳተው፤ መነሻው ነው።

ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ ደግሞ በ353 ዓ.ሂ. (964 እ.ኤ.አ.) ገደማ ባዘጋጁት የቋሚ ከዋክብት መጽሐፍ፣ ከግሪኮች የወረሱትን የከዋክብት ድምቀት በገዛ ዓይናቸው እያዩ አረሙ። እኔ በበኩሌ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ይህ ትዕግሥት ይበልጥብኛል።

እውነተኛው ልክ የተገኘው በቀላል ዘዴ ነው። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁማችሁ አንዱን ዓይን ጨፍኑ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስላል። ጣቱ በራቀ ቁጥር ዝላዩ ያንሳል። መሬት ፀሐይን ስትዞር በስድስት ወር ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሻገራለች፤ እነዚህ ሁለት ጫፎች የእኛ ሁለት ዓይኖች ናቸው። ቅርብ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር ጥቂት መዝለል አለበት። ዘዴው ቢታወቅም ዝላዩ ከማነሱ የተነሳ ለብዙ ዘመን የሚያየው ጠፋ።

በ1838 ፍሬድሪክ ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ በልጅነቱ በብሬመን ከተማ በነጋዴ ቤት እየሠራ ራሱን ያስተማረ ሰው፣ «61 ሲግኒ» የምትባለውን ደብዛዛ ኮከብ ዝላይ ለካ። ያገኘው ማዕዘን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን ሳንቲም ከ16 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደማየት ነው። ርቀቱን ወደ 10 የብርሃን ዓመት አደረገው፤ የዛሬው ልክ 11.4 ነው። የብርሃን ዓመት ስንል ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በአንድ ዓመት የሚደርስበት፣ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው።

ቶማስ ሄንደርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ግን በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ከተማ አልፋ ሴንታውሪ የምትባለውን ኮከብ ቀድሞ በ1832 እና በ1833 ለክቶ ነበር። ውጤቱን ተጠራጥሮ ያዘውና ቤሰል ካሳወቀ በኋላ በ1839 አወጣው። ቀዳሚነቱን አጣ፤ ኮከቧ ግን ከቤሰሏ በእጅጉ የምትቀርብ፣ ወደ 4.4 የብርሃን ዓመት ላይ ያለች ሆና ተገኘች። በ1915 ደግሞ ሮበርት ኢነስ በጆሃንስበርግ የእርሷን ጎረቤት አገኘ። ፕሮክሲማ ትባላለች፤ በ4.24 የብርሃን ዓመት ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርቧ ኮከብ እስካሁን እርሷ ናት። በዓይን ግን አትታይም። ባርናርድ የምትባለው ወደ 6፣ ሺዕራ 8.6፣ ዐረቦች የሻሟ ሺዕራ የሚሏት ፕሮሲዮን ወደ 11.5 የብርሃን ዓመት ይርቃሉ። በ2013 የመጠቀችውና እስከ 2025 መጀመሪያ የሠራችው ጋያ የተባለች መንኮራኩር በዚሁ የጣት ዘዴ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ለክታለች።

ቁጥሩ ከከበዳችሁ እንዲህ አስቡት። ፀሐይን መርካቶ ላይ አስቀምጠን መሬትን አንድ ሜትር እናርቃት። ፕሮክሲማ 268 ኪሎ ሜትር ርቃ ሐዋሳ አካባቢ ትሆናለች፤ ሺዕራ 540 ኪሎ ሜትር ተሻግራ ሐረርን ታልፋለች። የአል-ፈርጋኒ ከዋክብት ግን ከዚያችው አንድ ሜትር አይወጡም።

ወደ ልጁ ወረቀት ልመለስ። ሺዕራ መንገዷ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚወላገድ መሆኑን አይቶ፣ በ1844 የማትታይ ጓደኛ አላት ያለው ያው ቤሰል ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1862 አልቫን ክላርክ በአሜሪካ አዲስ የቴሌስኮፕ መስታወት ሲፈትን አያት። የሁለቱ ዙረት በድሮ መጻሕፍት 49.9 ዓመት ተብሎ ተጽፏል፤ ልኬቱ ሲጠራ ግን 50.1 ሆኗል። የአያ ቁጥርም ቢሆን ዑለማ የተለያዩበት ነው፤ ሱረቱ ነጅም በኩፋ ቆጠራ 62፣ በበስራ ቆጠራ 61 አያ ነው። «ልጄ፣ ትላንት 49.9 ሲሉ ሙዕጂዛ ነው ካልክ፣ ዛሬ 50.1 ሲሉ ምን ልትል ነው?» አልኩት።

ዝም አለና ወረቀቱን አጠፈው። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ደስ አሰኘኝ፦ «ታዲያ ከቅርቦቹ አንዷን ከዚህ ማየት እችላለሁ?»

ይችላል። አልፋ ሴንታውሪ ለንደን ላይ ፈጽሞ አትወጣም፤ መካም ላይ ከአድማስ ብዙ ከፍ አትልም። ለእኛ ግን በግንቦት፣ ከዒሻ በኋላ መሸት ሲል፣ ሰማዩ ከጠራ ትታያለች። የአዲስ አበባ ሰው ቂብላው ወደ ሰሜን ነውና፣ ሰላቱን ከጨረሰ በኋላ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዙር። ዝቅ ብለው ጎን ለጎን የሚያበሩ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ያያል። የግራዋ እርሷ ናት፤ በዐረብኛ ሪጅል ቀንጡሪስ፣ የቀንጡሪስ እግር፣ ትባላለች። የቀኟ አጠገቧ ያለች ትመስላለች እንጂ ከ350 የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች።